ባሥራ ሁለት ፓውንድ

በኤልስፔት ሱቅ ጓዳ፣ ከጃንጥላው ኋላ፣
ድንች መያዣ ባልዲ ውስጥ፣ ቆመው እንደ ዱላ፣
ስድስት የጎልፍ ብረት፣ ዝገት ያለበሳቸው።
"ባሥራ ሁለት ፓውንድ፣ ጠቅልለህ ውሰዳቸው፤
የማን እንደነበሩ፣ መቼ እንደተሠሩ፣
እኔን አትጠይቀኝ፤ እነሱ ይናገሩ።"

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ እዚሁ ፋይፍ ውስጥ ነድቻለሁ፤
በተሳፋሪ ጫማ፣ ሠፈር እለያለሁ፤
ብረት ግን አይሳፈር፣ ቲኬትም አይቆርጥም፤
ዕድሜውን ቢጠይቁት፣ ቶሎ አይናገርም።

በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ፣ ጋዜጣ አነጠፍኩ፤
ዘይት በጨርቅ ነክሬ፣ በቀስታ ፈተግኩ።
"በሽቦ እንዳትነካው!" ብሎኛል ፋርኳር፤
"ዝገቱ ሲነሳ፣ ይነሳል ምስክር።"
ስድስቱን ደርድሬ፣ ችሎት ተቀመጥኩ፤
ሻይ ከጎኔ አድርጌ፣ መነጽሬን ደገንኩ።

መጀመሪያ አንገቱን። ዘንጉ እንጨት ከሆነ፣
በጎን የገባ ሚስማር፣ አለ የተደፈነ፤
ያንገቱን ጥርስ ቁጠር፤ በሞረድ የጻፈው
የቀጥቃጩ እጅ ነው፣ ሰልችቶት ያዛነፈው።
በማሽን የወጣ ጥርስ፣ ሰልፉ አይዛነፍም፤
መሰልቸት የማያውቅ፣ ዕድሜ አያስነብብም።

ቀጥሎ ግንባሩን። ልሙጥ ከሆነ ፊቱ፣
ሩቅ ነው ልደቱ።
ነጥብ ከተረጨበት፣ ትንሽ ቀረብ ይላል፤
መስመር ከተሰመረ፣ ይበልጥ ይቀርባል።
"አይዝግም" የሚል ማኅተም፣ ካለው ከጀርባው፣
ካንደኛው ጦርነት፣ በኋላ ነው ዕድሜው።
ማሺ መባል ቀርቶ፣ "አምስት" ከተባለ፣
ያባቴ ዘመን ነው፤ ስም በቁጥር የተጣለ።
እኔንም ሃያ ዓመት፣ "ሠላሳ ስምንት" ሲሉኝ
ባውቶቡሴ ቁጥር፣ በስሜ አልጠሩኝ።

አንዱ ግን ዋሽቶኛል። ቡናማ ዘንግ ይዞ፣
የእንጨት ጅማት ተስሎበት፣ በሽምግልና ተጉዞ፤
ማግኔት ሳስጠጋበት፣ ጥብቅ አድርጎ ያዘው፤
ብረት ነው፣ በቀለም እንጨት ያስመሰለው!
አዲስ መሆን ያኔ፣ ያሳፍር ነበር አሉ፤
እኔ ጸጉሬን ባጠቁር፣ ጎረቤቶች ይስቃሉ።

ስድስተኛው ኒብሊክ። ከጀርባው አንድ ማኅተም፤
ቀንድ አውጣ ይመስላል፤ መዝገብ ላይ ግን የለም።
ፋርኳር ሦስት መጽሐፍ፣ ገልጦ ገልጦ ደወለ፦
"ቁልፍ አለ፣ መልሕቅ አለ፣ ቀንድ አውጣ ግን የለ።
ያንድ መንደር ቀጥቃጭ ነው፣ ሳይጠራ የቀረ፣
ጥቂት ብረት ሠርቶ፣ ዝም ብሎ የተቀበረ።"

ዓመቱን አጣሁት። ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ፣
ሳንቲም የምታክል፣ የተበላች ቦታ አየሁ።
መሃሉ አልተነካም፤ ጫፉ ግን ሳስቷል፤
አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን፣ እዚያው እዚያው ስቷል።
መያዣው የበግ ቆዳ፣ ላብ ጠጥቶ ጠቁሯል፤
ያውራ ጣቱ ቦታ፣ ተሰርጉዶ ቀርቷል።
ዘንጉንም በመጋዝ፣ ከላይ አሳጥሮታል፤
ለልኩ ቆረጠው፤ ልኩን ግን አጥቶታል።

እሑድ በማለዳ፣ ባሕሩ ሲያፈገፍግ፣
ኳስ አኖርኩ ባሸዋው፣ ከድንጋዮቹ ጥግ።
እኔ ረጅም ሰው ነኝ፤ ዘንጉ በሱ ቁመት፤
አጎነበስኩለት፣ ጉልበቴን አጠፍኩለት፤
መታሁ።
ደረቅ ድምፅ። መዳፌን ነዘረኝ፤
ኳሷ ወደ ቀኝ ሄዳ፣ ባሕር ገባች ጥላኝ።
ብረቱን ገልብጬ፣ ፊቱን ስመለከተው፣
የርጥብ አሸዋ ነጥብ፣ ያቺው ሳንቲም ላይ ነው።

ማታ ካርድ ቆርጬ፣ በክር አሰርኩላቸው፤
ላምስቱ በእርሳስ፣ ግምት ጻፍኩላቸው፦
"ካሥራ ዘጠኝ መቶ አምስት በፊት"፣ "ከጦርነቱ ወዲህ"፣
"ቀለም የተቀባ፤ ውሸታም፤ ተጠንቀቅ ከዚህ"።
ለስድስተኛው ግን፣ እርሳሴ ይዘገያል፦
"ዓመቱ አይታወቅም።
አጭር ሰው። ወደ ቀኝ ይስታል።"